በሚጥሚጣ የተፈተነው መቀመጫ

አምቦ ውስጥ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው የኛ ሰፈር፣ «ገመቹ ሚጥሚጣ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ቤቴን ያሳያችኋል። እንግዳ ሰው ስሜን ሲሰማ ቁጡ ሽማግሌ ይጠብቅና ሲያገኘኝ ግራ ይገባዋል። እኔ በሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ባለቤቴ እንዲያውም «ምናለ አንዳንዴ እንኳ ብትቆጣ» እያለችኝ ነው ያረጀነው።

ስሙ የወጣልኝ በደርግ ጊዜ፣ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ፣ አንድ የሽንት ቤት መቀመጫ ስገጥም ነው። ሌላው ሰው ገጠመኝ ብሎ ከሞት ስለ መትረፉ ይጽፋል፤ የኔ ስለ ሽንት ቤት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ነገር ግን በርበሬ ሲቆላ በሸተተኝ ቁጥር ያ ቅዳሜ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። የቧንቧ ሥራ የለመድኩት በአንድ ሆቴል ጥገና ክፍል፣ ከአንድ ሽማግሌ ባለሙያ እጅ ነው። በዚያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የፈረንጅ መቀመጫ ያለው የአምቦ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የቀረነው ጓሯችን ጉድጓድ ቆፍረን፣ እንጨት ረብርበን፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ ከልለን ቁጢጥ እንላለን። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ የሰው ቧንቧ ስሠራ ውዬ ማታ የምገባው ወደዚያው ነበር።

ጎረቤቴ መምህር ደሬሳ የሂሳብ አስተማሪ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል። እናቱ አደ ጫልቱ (አደ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው) ጌዶ ነበር የሚኖሩት። በከብት ንግድ የታወቁ፣ የማንንም በሬ ዋጋ በዓይናቸው የሚገምቱ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን ጌዶ ገበያ ውስጥ አንዲት ጊደር ገፍታ ጣለቻቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ብዙ ወር ተኙ። ሊወጡ ሲሉ ሐኪሙ ደሬሳን ለብቻው ጠራውና፣ «እናትህ ከእንግዲህ ቁጢጥ ማለት የለባቸውም። ዳሌው ሁለተኛ ከለቀቀ አይነሡም» አለው።

ደሬሳ ይህን ሲሰማ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ለማስገባት ወሰነ። ጊንጪ አጠገብ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ ዕቃው ተሸጦ ነበርና አንድ ያገለገለ ነጭ መቀመጫ ገዝቶ አውቶቡስ ላይ ጫነው። ኬላ ላይ ፈታሹ ወደ ላይ አየና፣ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀው።

«ለእናቴ ዙፋን ነው» አለ ደሬሳ።

«ጓድ፣ ዙፋን እኮ ቀርቷል» አለው ፈታሹ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

መቀመጫው መጣ፣ ፍላንጁ ግን አልመጣም። ፍላንጅ ለማያውቅ ሰው፣ እንደ ቀለበት ያለ ክብ ብረት ነው። ወለል ውስጥ ያለው የቆሻሻ ቧንቧ አፍ ላይ ይገጠምና መቀመጫው በሁለት ቡሎን እሱ ላይ ይታሰራል። በመሐላቸው ሰም ይደረጋል። ሰሙ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ከደፈነ ውሃም ሽታም አያልፍም። ታዲያ ፍላንጁ ከወለሉ በላይ መቀመጥ አለበት። ወደ ታች ከሰመጠ መቀመጫው አይደርስበትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ጊንጪ ያለ አንድ በያጅ ከአሮጌ የጭነት መኪና ብረት ፍላንጁን ቆርጦ ሠራልኝ። ገና ሊሾ ባልፈሰሰበት ወለል ላይ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ከቧንቧው ጋር ያለውን ዙሪያ በቃጫና በሲሚንቶ ጠቅጥቄ ገጠምኩት። ከግንበኛው ከቶሎሳ ጋር ሊሾው አንድ ጣት እንዲሆን ተነጋገርን፤ እኔም ከፍታውን በዚያ ልክ አደረግሁ። ቶሎሳ አብሮ አደጌ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ እጁ ወርቅ የሆነ፣ ግን በትንሽ ነገር ሆዱ የሚብሰው ሰው ነበር። ሥራውን ለሱ ትቼ ወደ ሆቴሌ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ስመጣ ሊሾው እንደ መስታወት ያበራል። ቶሎሳ በር ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፍላንጁ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከወለሉ ሁለት ጣት ወርዶ፣ እንደ ታመመ ሰው ዓይን ሰርጉዶ ያየኛል።

«አንድ ጣት አልነበር እንዴ የተባባልነው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አንዷ ጣት የደሬሳ ናት። ሁለቷ የኔ ምራቂ ናት» አለ። «ገበያ ላይ ጤፍ ተሰፍሮ ሲያበቃ እንኳ አንድ እፍኝ ይጨመራል። እንዲህ ያለች እናት ከሆስፒታል እየመጣች ልኩን ብቻ አፍስሼ ልሂድ?»

በዚያ ዘመን ሲሚንቶ የሚገኘው በቀበሌ ወረቀት ነው። ቶሎሳ የጨመረው ለራሱ ቤት ብሎ ያስቀመጠውን ነበር። ይህን እያወቅሁ እንዴት «አበላሸህ» ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። «እጅህ ይባረክ» አልኩት።

ጥፋቴ ይህች ናት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ጥፋቴን መሸፈን ነበር። ከሰመጠው ፍላንጅ በላይ ያለውን ክፍተት በሰምና በቃጫ አጭቄ መቀመጫውን አስቀመጥኩ። ግርጌውን ዙሪያውን በሲሚንቶ ለቀለቅሁት። ሲያዩት ያምራል። «ይይዛል» አልኩ ለራሴ። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አደ ጫልቱ ሐሙስ ዕለት በምርኩዝ እየተደገፉ ገቡ። ቤቱን፣ አልጋቸውን፣ ሊሾውን አዩ፤ ቶሎሳን መረቁት። መቀመጫውን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ምግብ በሚበላበት ጣሪያ ስር?» አሉ። «ደሬሳ፣ እኔ ሰው ነኝ እንጂ በረት ውስጥ የማድር ጊደር አይደለሁም።»

«እማዬ፣ አይሸትም እኮ።»

«የማይሸት አለ እንዴ?»

ሁለት ቀን በፖፖ ቆዩ። ፖፖውን የምትደፋው የደሬሳ ሚስት ጽጌ ናት። ጽጌ ደስ ብሏት ነው የምታደርገው፤ አሮጊቷ ግን ፖፖው በወጣ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ቅዳሜ ጠዋት አስጠሩኝ። ቶሎሳም መጣ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የልጄ ሚስት የኔን ፖፖ ይዛ ስትወጣ ከማይ ጌዶ ገብቼ እዚያው የሆንኩትን ብሆን ይሻለኛል። እዚህ የምቀመጠው ይሄ ነገርህ የማይሸት ከሆነ ብቻ ነው። ዛሬ ፈትነው። ከሸተተ በዛሬው አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

ደሬሳ አንገቱን ደፋ። ጌዶ ያለው ያው የጓሮ ጉድጓድ ነው። ቁጢጥ ካሉ ሐኪሙ ያለው እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስድስት ሰዓት ላይ አምቦ ለምሳ ይቆማል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጥሩምባውን ነፍቶ በጌዶ በኩል ወደ ነቀምት ይነሣል። ሰዓቱ ገና ሦስት ነበር።

«ሥራ ያስተማረኝ ሽማግሌ ሆቴል ውስጥ በጭስ ነበር የሚፈትነው» አልኩ። «ቧንቧው ከሚገባበት ከውጭው የቆሻሻ ጉድጓድ በኩል ጭስ እንሰዳለን። በመቀመጫው አፍ እንዳይወጣ ውስጡ የሚቆመው ውሃ ያግደዋል። መገጣጠሚያው ክፍተት ካለው ጭሱ እቤት ይገባል። ከሌለው ጣሪያው ላይ ባለው የሽታ መውጫ ቧንቧ ይወጣል።»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ጭስ አላይም» አሉ አደ ጫልቱ። ትንሽ አሰቡና፣ «ሚጥሚጣ አጭስበት። ጉሮሮዬ አልደከመም» አሉ።

ጉድጓዱ አዲስ ነው፣ ገና ምንም አልገባበትም። ምድጃ ላይ ፍም አድርገን በአፉ አስቀመጥን፣ አንድ ጭብጥ ሚጥሚጣ በተንንበት፣ በቆርቆሮ ከደንነው። አደ ጫልቱ ወንበር አስመጥተው ከመቀመጫው ፊት ለፊት እንደ ዳኛ ተቀመጡ። ደሬሳ፣ ጽጌ፣ ቶሎሳና እኔ ከኋላቸው ቆምን።

ብዙ አልጠበቅንም። መጀመሪያ ጽጌ አነጠሰች። ቀጥሎ ደሬሳ። ከዚያ ጭሱ በለቀለቅሁት ሲሚንቶ ስንጥቅ እየሾለከ መጣና አሮጊቷ ትን አላቸው። ስንደግፋቸው፣ ስናወጣቸው፣ ሁላችንም እያለቀስን ግቢው መሐል ተገናኘን።

አደ ጫልቱ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ደሬሳ፣ ሻንጣዬን አውጣልኝ» አሉ።

ደሬሳ ወደ ውስጥ ገባ። ትከሻው ወርዶ ሲሄድ ሳየው መሸሸግ አቃተኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ቶሎሳ፣ ሊሾህ ወፍራም ነው። ፍላንጁ ሁለት ጣት ሰምጧል። ያን ዕለት አይቼዋለሁ።»

«አይተህ?»

«አይቼ።»

«እጅህ ይባረክ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምኔን ነው የባረክኸው?» አለ ቶሎሳ በታላቅ ድምፅ።

አሮጊቷ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። ቶሎሳ ግን ፊቱ ጠቁሯል። መሮና መዶሻዬን ከሳጥኔ መንጭቆ፣ «የሰጠሁትን አነሣለሁ፣ ሊሾዬን እሰብረዋለሁ» እያለ ወደ ውስጥ ተራመደ። ክንዱን ያዝኩት። ሊሾው ቢሰበር ጠግኖ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል። አውቶቡሱ ቀናት አይጠብቅም።

«ወለሉን አንነካም» አልኩት። «ፍላንጁን ከፍ እናድርገው።»

«በምን?»

በምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ሁለት ጣት ውፍረት ያለው፣ ውሃ የማያበሰብሰው፣ ሲጨፈለቅ እሺ የሚል ነገር ነው የሚያስፈልገኝ። ሳስብ ዓይኔ መሬት መሬት ያያል። እዚያ የቶሎሳ እግር አለ። እግሩ ላይ ደግሞ በረባሶ አለ፤ ከጭነት መኪና ጎማ የሚሠራው ጫማ።

«እግርህን አንሣ» አልኩት።

«ደግሞ ጫማዬን ልትባርክ ነው?»

አነሣ። የሶሉን ውፍረት በጣቴ ለካሁት። አንድ ጣት ሙሉ። ሁለት ሲደረብ ሁለት ጣት። ቶሎሳ ቶሎ ገባው። ቁጣው እንደ ነበረ ሆኖ የፍላንጁን ልክ በካርቶን ቆርጬ ስሰጠው ነጥቆኝ ወጣ። ቀኑ ገበያ ነው፤ በረባሶ ሰፊዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። እኔ የለቀለቅሁትን ሲሚንቶ ፈልፍዬ፣ መቀመጫውን አንሥቼ፣ ያጨቅሁትን እያወጣሁ ቆየሁ። ዕቃውን ሳነሣ አፍሬ ነበር። የተደበቀ ነገር ሲወጣ ያሳፍራል።

ሰም ደግሞ ጎረቤት ተገኘ። ወይዘሮ በለጡ ከአጥሩ ወዲያ ጠጅ ቤት አላት። ጽጌ ሄዳ ስትጠይቃት ከማሩ የተረፈውን ሰፈፍ በሳህን ሙሉ ሰጠቻት። አቅልጬ አጠለልኩት።

ቶሎሳ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ሁለት የጎማ ቀለበት ይዞ ተመለሰ። አቆራረጡ ልክ ነበር። በየመሐሉ ሰም እየቀባሁ ሁለቱን ደረብኩ፤ ሳጥኔ ውስጥ የነበሩ ረጃጅም ቡሎኖች አስገባሁ፤ ጎማውን ከነፍላንጁ ጨምቄ አሰርኩ። አሁን አፉ ከወለሉ ትንሽ ብቅ አለ። እጄን አሻሸሁበት። ያን ጊዜ ልቤ ትንሽ አረፈ።

በላዩ እንደ እንጎቻ የጠቀለልኩትን ሰም አስቀምጬ መቀመጫውን አወረድነው። ሰሙ እኩል እንዲጨፈለቅ ክብደት ያስፈልጋል። ከሁላችን ወፍራሙ ቶሎሳ ነው።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«በሰው ፊት?»

«ሱሪህን አታውልቅ እንጂ።»

ተቀመጠ። አደ ጫልቱ ከበር ላይ ሆነው፣ «ዋቃዮ! ዙፋኑን ግንበኛ ወረሰው» አሉ። ቶሎሳ ኮራ ብሎ ተዘረጋ። ከቁጣው የወረደው ያን ጊዜ ነው።

የቡሎኖቹን ዳዶዎች ማጥበቅ ግን ቀልድ አልነበረም። ሸክላ ነው፤ አንዱን ወገን አብዝተህ ካጠበቅህ ይሰነጠቃል፣ ሌላ መቀመጫ ደግሞ አገር ውስጥ የለም። ግማሽ ዙር ግራ፣ ግማሽ ዙር ቀኝ። ደሬሳ ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሸክላው አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል መፍቻውን አቆምኩ። ዳሰስኩት፤ ደህና ነው። ሰሙ በጎን በኩል እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ብቅ ሲል እጄን አነሣሁ። ከዚያ በላይ አንድ ጭረት እንኳ አላጠበቅሁም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። አደ ጫልቱ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

«አሁን እጥፍ አድርገው» አሉኝ።

ሁለት ጭብጥ ሚጥሚጣ ፍሙ ላይ በተንኩ። ቆርቆሮውን ከድኜ፣ በምጣድ ክዳን እያራገብኩ ጭሱን ወደ ቧንቧው ገፋሁት። ከዚያ ሮጬ ገባሁ። በሩን ዘጋን።

ማንም አይተነፍስም። አሮጊቷ ግን ሆነ ብለው ደረታቸውን ሞልተው አየር ሳቡ። አንዴ። ደገሙ። ጎንበስ ብለው ከመቀመጫው ግርጌ አፍንጫቸውን አስጠግተው ሦስተኛ ሳቡ።

ያን ጊዜ ከውጭ ሳል ሰማን። አንድ ሰው ሳለ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ መንጋ። ጭሱ በጣሪያው ቧንቧ ወጥቶ፣ ነፋስ አጥሩን አሻግሮ የበለጡ ጠጅ ቤት አግብቶታል። ጠጪው ሁሉ ብርሌውን እንደ ያዘ ወደ ውጭ ይጎርፋል።

«ማል ጉባ ጅርቱ!» ትላለች በለጡ በአጥሩ ላይ። «ምን እያቃጠላችሁ ነው? ሰፈፌን ሰጥቼ ገበያተኛዬን ትገድሉብኛላችሁ?»

«ገመቹ ነው! ገመቹ ሚጥሚጣ!» ብሎ ጮኸላት ቶሎሳ በመስኮት። ስሜ በዚያች ደቂቃ ወጣ፣ እስከ ዛሬም አልወረደም።

ከዋናው መንገድ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ረጅም ነፋ። ደሬሳ እናቱን ያያል። ደግሞ ነፋ። አሮጊቷ አልተንቀሳቀሱም። ሞተሩ ወደ ጌዶ መንገድ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ እንደ ተቀመጡ ቆዩ።

«ሻንጣዬን መልሱት» አሉ። ቀጥለውም፣ «እናንተ ደግሞ ምን ትጠብቃላችሁ? ውጡልኝ!»

ወጣን። ግቢው ውስጥ እኔ፣ ቶሎሳ፣ ደሬሳና ጽጌ ቆመናል። ከአጥሩ ወዲያ በለጡና ጠጪዎቿ ዓይናቸውን እየጠረጉ ያዩናል። ነገሩን ጽጌ ስትነግራቸው እነሱም አብረውን መጠበቅ ጀመሩ።

ቆየ። ከዚያ የውሃው ድምፅ መጣ። ግርር ብሎ ወረደ፣ በቧንቧው ውስጥ ከእግራችን ስር አልፎ ጉድጓዱ ገባ። በሕይወቴ ብዙ መዝሙር ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ድምፅ ደስ ያለኝ የለም። ጠጪዎቹ አጨበጨቡ። ቶሎሳ አቀፈኝ፤ ከመሬት አነሣኝ። ደሬሳ ግድግዳውን ተደግፎ እያለቀሰ ነበር፤ ሚጥሚጣው ነው አለን፣ እኛም ሚጥሚጣው ነው አልን።

አደ ጫልቱ በምርኩዛቸው ቀጥ ብለው ወጡ። ወደ በለጡ ሰዎች ዞረው፣ «ምን ታያላችሁ? ሰው አይታችሁ አታውቁም?» አሏቸው። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ቶሎሳንም አልረሱትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ዓመት በልጃቸው ቤት ኖሩ። የልጅ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምርኩዝ ገበያ ወጥተው በሬ ሲገምቱ አየኋቸው። ዳሌያቸው ዳግም አልለቀቀም። ቶሎሳም አሁን የለም፤ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ ሥራውን ባመሰገንኩ ቁጥር «ልክ ነው ወይስ ባርከኸኝ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ የጎደለ ወይም የተረፈ ነገር ሳይ ቀስ ብዬ፣ በጨዋ ቃል፣ ግን እዚያው ላይ እናገራለሁ።

አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መፍቻ አልይዝም። ጠዋት ጠዋት በከዘራዬ ወጣ ስል በደሬሳ ቤት በኩል አልፋለሁ። መቀመጫው ያው ነው፣ ጎማውም ከስሩ ያው ነው፤ እስከ ዛሬ የከፈተው ሰው የለም። መስኮቱ አጠገብ ስደርስ ቆም እልና፣ እንደ አደ ጫልቱ ደረቴን ሞልቼ አየሩን እስባለሁ።

ምንም አይሸትም። ፈገግ ብዬ መንገዴን እቀጥላለሁ።